ፊልሙ ውሃ ይጠጣ አይጠጣ

ይህ የምነግራችሁ ነገር ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። ብዋሽ የአሶሳ ማንጎ ሁሉ አፌ ውስጥ ሲገባ ሬት ይሁንብኝ፤ በክረምት ጫማዬ፣ በበጋ ስልኬ ይጥፋብኝ። በዓይኔ ነው ያየሁት። ያየሁት በቀርከሃ አጥር ቀዳዳ ስለሆነ ምናልባት ዳር ዳሩ አምልጦኝ ይሆናል እንጂ መሃሉ አላመለጠኝም።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው፤ ወሩ መጋቢት። ሙቀቱ ዶሮ እንቁላሏን ቀቅላ የምትጥልበት ዓይነት ነው። በኸድራ ጓሮ ያለችው የማሽላ ማስቀመጫ ክፍል በሯ ተዘግቷል። የበሩ ስንጥቅ በጭቃ ተመርጓል፤ በላዩ ላይ ሁለት ብርድ ልብስ ተሰቅሏል። ውስጥ፣ ጣት ከዓይን ፊት ቢያቆሙት በማይታይበት ጨለማ፣ ሁለት ሽማግሌዎች ይጨቃጨቃሉ።

"ክርንህን ከሆዴ ላይ አንሳ!"

"አንተ ሆድህን ከክርኔ ላይ አንሳ!"

"ፊልሙ ገባ?"

"እየገባ ነው። አትንካኝ። ከነካኸኝ ይታጠፋል።"

"እጅህ እኮ ይንቀጠቀጣል።"

"እጄ አይደለም። አንተ ነህ የምትገፋኝ!"

ኸድራ ከውጭ ሆና ብርድ ልብሱን በሁለት እጇ ከግድግዳው ጋር አጣብቃ ይዛለች። የሠላሳ ሦስት ዓመት ሴት ናት፤ ጤና ጣቢያ ክትባት ትሰጣለች። ስንት የሚያለቅስ ሕፃን ያባበለች ሰው ሁለት ሽማግሌ ማባበል አቅቷት አፏን ወደ ስንጥቁ አስጠግታ፣ "ጋሽ ረጋሳ! ዐሚ! እባካችሁ አትጣሉብኝ፤ ያለኝ ይኼ አንድ ፊልም ነው!" አለች።

ዐሚ ማለት አጎቴ ማለት ነው። ዓብዱልላጢፍ አጎቷ አይደሉም፤ በሰፈሩ ግን የአባት እኩያ እንዲህ ነው የሚጠራው።

ከውስጥ ብረት ከብረት ጋር ሲገጥም ተሰማ።

"ተዘጋ! ክፈቺ!"

በሩ ሲከፈት ሁለቱም በላብ ተነክረው፣ የማሽላ ገለባ በጢማቸውና በቅንድባቸው ተለጥፎ ወጡ። ዓብዱልላጢፍ የሽሮ ድስት የምታህል፣ ፊልም የሚታጠብባት የብረት ታንክ በደረታቸው አቅፈዋል። ክዳኗ ብርሃን አያስገባም፤ በአናቷ በኩል ግን ውሃም መድኃኒትም ያስገባል። ፊልሙ እዚያ ውስጥ ተጠቅልሎ ገብቷል። ከዚህ በኋላ ጨለማ አያስፈልግም።

አሁን ፊልሙ የማን እንደሆነ ልንገራችሁ።

የኸድራ እናት ብኸይታ ከኩርሙክ ማዶ ተድራ የመጣች ሴት ነበረች። አሶሳ ዓመት ከምናምን ብቻ ኖራ፣ ኸድራን በወለደች በአርባ ቀኗ በወባ ሞተች። አንድም ፎቶ የላትም። የኸድራ አባት ዐወድም ሁለት ዓመት ሆነው ካረፈ። የእናቷ ዘመዶች ወደ ሱዳን ተመልሰዋል፤ የድሮ ጎረቤቶቿም የት እንደደረሱ አይታወቅም። ኸድራ መስታወት ፊት ቆማ አፍንጫዬ የአባቴ ነው፣ አገጬ የአባቴ ነው እያለች ትቆጥርና፣ የተረፈውን ሁሉ ለእናቷ ትሰጣለች።

ባለፈው ጥር መንገድ ሲሰፋ አሮጌው ፎቶ ቤት ፈረሰ። ጋሽ ረጋሳ የወለጋ ሰው ናቸው፤ ጉልበታቸው እስኪከዳቸው ድረስ በዚያ ፎቶ ቤት ጨለማ ክፍል ውስጥ ፊልም ሲያጥቡ ኖረዋል። ከፍርስራሹ የድሮ መሳቢያቸውን ሊያወጡ ሄደው አንዲት ክብ ቆርቆሮ አገኙ። ውስጧ ያልታጠበ ፊልም፣ በላስቲክ የታሰረ ወረቀት፣ በወረቀቱ ላይ ሰባት ስም። "ብኸይታ፣ የዐወድ ባለቤት፣ ለመታወቂያ" የሚል አለበት። ሰባት ሰው ብቻ ስለተነሳበት ፊልሙ እስኪሞላ ተቀምጦ፣ በመካከሉ መንግሥት ተለወጠ፣ መድኃኒት ጠፋ፣ ባለቤቱ ወደ አገሩ ሄደ፣ ፊልሙም ተረሳ።

ጋሽ ረጋሳ ፊልሙን ይዘው ሲመጡ ኸድራ ክትባት ስትሰጥ ነበር። ወረቀቱን ካነበበች በኋላ የተሰለፉት እናቶች ለምን እንደቆመች አልገባቸውም፤ እሷ ግን መርፌውን በእጇ እንደያዘች ቆማ ቀረች።

አዲስ አበባ ቦዔዝ የሚባል፣ ለደስታው ፊልም በቤቱ የሚያጥብ ልጅ በሰው በሰው አገኘች። ምስሉን የሚያወጣውን የዴቨሎፐር ዱቄትና ምስሉን የሚያጸናውን ሃይፖ በአውቶቡስ ላከላት። ታንክ ግን የቀረው በከተማው ውስጥ በአንድ ሰው እጅ ብቻ ነው፤ በዓብዱልላጢፍ እጅ። እሳቸው በዚያው መንገድ፣ ፊት ለፊት ባለው ፎቶ ቤት ይሠሩ የነበሩ ናቸው። ታንኩን ያውሱኝ ስትላቸው፣ "ታንክ ብቻውን አይሄድም፤ እኔም እመጣለሁ" አሉ። አማርኛን የተማሩት ጎልምሰው በገበያ ነው፤ ወንዱንም ሴቱንም እንደ ወንድ ይጠራሉ፤ ግን የሚሉት ሁልጊዜ ይገባል።

እንግዲህ ታንኩ በማንጎው ጥላ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ጋሽ ረጋሳ እጃቸውን ዘረጉ።

"በይ ልጄ፣ ጥሩ ንጹሕ ውሃ አምጪ። መጀመሪያ ይጠጣ።"

ዓብዱልላጢፍ ታንኩን መልሰው አቀፉት።

"ውሃ? በኔ ታንክ ውሃ ቀድሞ አይገባም።"

"ምን?"

"መድኃኒት ነው መጀመሪያ። ውሃ የጠጣ ፊልም መድኃኒት አይጠጣም። የጠገበ ሰው ምሳ ይበላል?"

"ስማ አንተ ልጅ!" አሉ ጋሽ ረጋሳ፤ 'ልጁ' ስድሳ ዓመት አልፎታል። "ፊልም እንደ ደረቅ መሬት ነው። በደረቅ መሬት ላይ ድንገት ዝናብ ቢወርድ ግማሹን ያረጥባል፣ ግማሹን ይዘላል። ሙሽራው ግንባሩ ላይ ነጠብጣብ ይወጣበታል። ቀድመህ ስታረጥበው ግን መድኃኒቱ እኩል ይገባል። እኔ ቶንጎ ላይ በዝናብ ውሃ ያጠብኩት ፊልም፣ የሙሽራው ጥርስ ከመንጣቱ የተነሳ አማቱ ፎቶውን በጥላ ነው ያየችው!"

"እኔ ማንቡክ ላይ ያጠብኩት፣ ውሃ ሳይነካው፣ ፎቶው ላይ ያለው በሬ ሰው ሲመጣ ዞር ብሎ ያያል።"

"ዋሸህ!"

"አንተ ስትጀምር!"

ኸድራ ስልኳን አወጣች። "ቆይ፣ ቦዔዝን እንጠይቀው" ብላ ደወለችና ድምፁን ለሁሉም ከፈተችው።

"እኔ ራሴ ቀድሜ ውሃ አላደርግም" አለ ቦዔዝ። "በቀጥታ መድኃኒቱን ነው የማደርገው..."

"ሰማህ!" አሉ ዓብዱልላጢፍ።

"...ግን ፊልሙ ያረጀ ከሆነ ብዙዎች ያደርጋሉ። አንዱ ፋብሪካ አያስፈልግም ይላል፣ ሌላው ምንም አይልም። እንግዲህ እንደ ሁኔታው..."

"ያረጀ ከሆነ አለ! ጆሮህም እንደ ፊልሙ አርጅቷል!" አሉ ጋሽ ረጋሳ።

"ሁኔታው ምንድን ነው ቦዔዝ? ሄሎ?"

ኔትወርኩ ሄደ። አሶሳ ላይ ኔትወርክ የሚሄድበትን ሰዓት ያውቃል።

ኸድራ ስልኩን ወደ ኪሷ መለሰች። አንድ ፊልም ነው። ከተበላሸ ሌላ የለም። ከሁለቱ አንዱን መስማት አለባት፤ ሁለቱም ደግሞ ዕድሜያቸውን በዚህ ሥራ የፈጁ ናቸው። ክትባት ቤት ውስጥ እንዲህ ሲሆን የምትጠይቀው ጥያቄ አለ፤ ሰው 'ይባላል' ሲላት 'አይተሃል ወይ' ትላለች።

"ጋሽ ረጋሳ፣ ውሃ አድርገው የተበላሸብዎት አለ?"

"በውሃ ምክንያት? የለም። በሌላ ምክንያት ግን ሞልቷል። ሃይፖ ረስቼ አንድ የወረዳ ስብሰባ እንዳለ አጥፍቻለሁ።"

"ዐሚ፣ እርስዎስ? በውሃ የተበላሸ ፊልም በዓይንዎ አይተዋል? ሰው ነግሮዎት ሳይሆን።"

ዓብዱልላጢፍ ኮፍያቸውን አወለቁና መልሰው አደረጉት።

"አይቻለሁ።"

"ስንት ጊዜ?"

"አንድ።"

"አንድ!" ጋሽ ረጋሳ ሰማይ ሰማይ አዩ። "በአንድ ፊልም ዕድሜ ልክህን ውሃ ጠላህ?"

"ዝም በል፤ ላውራ።" ታንኩን በጉልበታቸው መካከል አደረጉ። "ያን ጊዜ አዲስ ነኝ። ስድስት ወር አልሞላኝም። አሠሪዬ ባምባሲ ሄደ፣ ሰርግ መጣ። እኔ ሄጄ አነሳሁ። ሠላሳ ስድስት ጊዜ አነሳሁ። በነጋታው ላጥብ ገባሁ። ማዶ ያለው ረጋሳ መጀመሪያ ውሃ ያደርጋል ሲባል ሰምቻለሁ። የሱ ፎቶ ደግሞ ያምራል።"

"እህ" አሉ ጋሽ ረጋሳ፤ ይህችን እንኳ አልተቃወሙም።

"ቀናሁ። እኔም እንደሱ ውሃ አደረግኩ። ውሃውን ስደፋው፣ ወላሂ፣ ሰማያዊ! እንደ ቀለም፣ እንደ ብልቃጥ ቀለም ወረደ። ሰዉ ሁሉ በውሃ ሄደ አልኩ፤ ሙሽራው ሄደ፣ ሙሽሪት ሄደ፣ ከበሮው ሄደ። ሌላ ምን ይሆናል ያ ቀለም? ፊልሙን አውጥቼ ሽንት ቤት ጣልኩት። ለባለ ሰርጉ 'ብርሃን ገባበት፣ ተቃጠለ' አልኩት።"

ጋሽ ረጋሳ ጭናቸውን መቱ። "ዋቆ! ያ እኮ የፊልሙ የጀርባ ቀለም ነው! ሁልጊዜ ይወጣል! እኔ በቀን አሥር ጊዜ ስደፋው ነው የኖርኩት! ሰው መሰለህ? ሰው በውሃ ሄደ! ሃ ሃ..."

ለብቻቸው እየሳቁ መሆናቸው ሲታወቃቸው ሳቁ በአፋቸው ላይ ደረቀ።

"ፊልሙ ደህና ነበር?" አሉ ዓብዱልላጢፍ ቀስ ብለው።

"ደህና ነበር... መድኃኒቱን ብትጨምርበት..." ጋሽ ረጋሳ አልጨረሱትም።

ዓብዱልላጢፍ ታንኩን ያዩታል። ይህን ሁሉ ዓመት ውሃው በደለኝ ሲሉ ኖረው፣ ጥፋቱ የእጃቸው መሆኑን የሰሙት ገና አሁን ነው።

ኸድራ፣ "የማን ሰርግ ነበር?" ብላ ጠየቀች። ስትጠይቅ ድምፅዋ ሥራ ቦታ ካርድ እንደምትጠይቅበት ድምፅ ነበር።

"የዐወድ" አሉ።

አንዲት ዶሮ ወደ ታንኩ መጥታ አየችና ሄደች። 

"የሰርጋችንን ፎቶ ብርሃን በላው" ይላት ነበር አባቷ። ልጅ ሆና ብርሃን ፎቶ የሚበላ አውሬ ይመስላት ነበር፤ የአክስቶቿን ፎቶ ከመስኮት አርቃ ትደብቅ ነበር። አውሬው ይኸው በርጩማ ላይ ተቀምጧል፤ ኮፍያ አድርጓል፤ ጢሙ ላይ ገለባ አለ።

"ዛሬስ ለምን መጡ?" አለች።

"ብኸይታ ሁለተኛ እንዳይሄድ ነው። አንዴ በውሃ ሄደ፤ ሁለተኛ በኔ ታንክ በውሃ አይሄድም ብዬ ነው።"

ኸድራ ተነስታ ወደ ዚሩ ሄደች። ዚር ማለት በቤቷ ጥላ የቆመ ትልቅ የሸክላ ውሃ ማቀዝቀዣ ነው። ክዳኑን አንስታ፣ ውስጡን እያየች፣ ውሃ ሳትቀዳ ለረጅም ጊዜ ቆመች። ጋሽ ረጋሳ ሊከተሏት ብድግ አሉና ተዉት። ዓብዱልላጢፍ ኮፍያቸውን እንደገና አወለቁ፤ አሁን መልሰው አላደረጉትም።

ከዚሩ ስትመለስ በጆግ ውሃ ይዛለች። ቴርሞሜትሯን ታንኩ ላይ አስደግፋ ጠበቀች፤ ሠላሳ አራት አለ። ዴቨሎፐሩን አየች፤ ከጁስ ቤት ባመጣችው በረዶ መካከል ተቀምጦ ሃያ ላይ ነው። የዚሩ ውሃ ሃያ አራት። ከበረዶው ጥቂት ጨመረችበትና ሃያ እስኪደርስ አማሰለች።

"ሃያ ዲግሪ መድኃኒት ሠላሳ አራት ዲግሪ ብረት ውስጥ ከገባ ሃያ ሆኖ አይቆይም" አለች፤ ለማን እንደምትናገር አይታወቅም። "ክትባት እንኳ በሞቀ ሳጥን አናስቀምጥም። መጀመሪያ ታንኩ ይቀዝቅዝ። ውሃ ይገባል።"

ጋሽ ረጋሳ ያሸነፉ ሰው ፊት ለማሳየት ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም።

ኸድራ ታንኩን ከዓብዱልላጢፍ ጉልበት መሃል ወሰደች። እሳቸውም አልከለከሉም። ውሃውን ቀስ አድርጋ አፈሰሰችው። ጋሽ ረጋሳ በኦሮምኛ ይቆጥራሉ፤ "ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ..." እስከ ስድሳ። ማንም ሳያዝዛቸው ዓብዱልላጢፍ ጉዝጓዝ የሌለው መሬት ላይ ቁጢጥ ብለው ሳፋውን በሁለት እጃቸው ይዘው ከታንኩ ሥር ዘረጉ።

ኸድራ ታንኩን ዘነበለችው።

ውሃው ሰማያዊ ሆኖ ወረደ። ከልጆች የቀለም ብልቃጥ የተደፋ ይመስላል። ሳፋው ውስጥ ተሽከርክሮ ረጋ። ዓብዱልላጢፍ አንድ ጣታቸውን ነከሩበትና አውጥተው አዩት። ከዚያ ሳፋውን፣ አንዲት ጠብታ ሳያፈስሱ፣ ጢም ብሎ የሞላ ወተት እንደሚሸከም ሰው ቀስ ብለው ወደ አጥሩ ጥግ ወስደው አስቀመጡት። አልደፉትም።

ዴቨሎፐሩ ገባ፤ ዘጠኝ ደቂቃ። ሃይፖው ገባ። ከዚያ ጆግ በጆግ ውሃ። ጋሽ ረጋሳ ክዳኑን ከፍተው ፊልሙን አወጡ። ወደ ሰማይ ዘርግተው በአንድ ዓይናቸው አዩት።

"ሙቀት ጎድቶታል። ጭጋግ ነው። ግን..." ድምፃቸው ከፍ አለ። "ግን ሰው አለበት! ሰው አለበት ልጄ!"

ፊልሙን ማሽላ ቤቱ ውስጥ በልብስ መቆንጠጫ ሰቀሉት። ኸድራ ስልኳን አውጥታ ጥቁሩን ነጭ፣ ነጩን ጥቁር በሚያደርገው የካሜራው አሠራር ስታየው ከጭጋጉ ውስጥ ሰዎች ወጡ። አንድ ፂማም ሰው። አንድ ወታደር። ከዚያ ሴት።

ከዚያ ሌላ ሴት። ከዚያ፣ ከሁለት ወንዶች በኋላ፣ ሌላ ሴት።

ሦስት ሴቶች። ወረቀቱን አየች። ሰባት ስም፣ ሦስቱ የሴት፤ ማን ቀድሞ ማን ተከትሎ እንደተነሳ ግን ምንም አይልም።

"ጋሽ ረጋሳ፣ የትኛዋ ናት?"

"እኔ ምኑን አውቄ? እኔ እኮ ጨለማ ክፍል ውስጥ ነበርኩ። የሚያነሳው ሌላ ነው። እኔ ሰው የማውቀው ከታጠበ በኋላ ነው።"

ኸድራ ከመጀመሪያዋ ጀመረች። ግንባሯ የራሷን ግንባር መሰላት። ሁለተኛዋን አየች፤ ዓይኗ የእሷ ነው። ሦስተኛዋ ጠርሃዋን፣ የራስ መሸፈኛዋን፣ ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ፣ ፎቶ አንሺው የተናገራት ነገር ሊያስቃት ሲል ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ይዛለች፤ ይህችም እናቷ መሰለቻት። ሦስቱንም ለብዙ ጊዜ ደጋግማ አየች። ዕድሜዋን ሙሉ አንዲት እናት አጥታ አሁን ሦስት ሆነውባት አንዷንም መውሰድ አቃታት።

በዚያን ጊዜ ጓሮው ውስጥ ዓብዱልላጢፍ የሉም። ታንካቸውን በርጩማው ላይ ትተው፣ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ቀስ ብለው ወደ ውጭው በር ደርሰዋል። ፊልሙን አላዩትም፤ አሳዩኝም አላሉም። እጃቸው የበሩ መቀርቀሪያ ላይ ነው።

ኸድራ ከማሽላ ቤቱ ወጥታ አየቻቸው። በሩን ከፍተው ቢሄዱ የሚያቆማቸው የለም። ፎቶውንም ይዛ ሱዳን ድረስ ሰው ልካ ማስጠየቅ ትችላለች፤ ወር ይፍጅ፣ ዓመት ይፍጅ፣ አንድ ቀን የሚያውቃት ሰው ይገኛል። ይህን ሁሉ ያሰበች ይመስለኛል፤ ምክንያቱም እሷም እንደ እሳቸው እጇን የማሽላ ቤቱ በር ላይ አድርጋ ቆማ ነበር።

"ዐሚ፣ ይምጡ" አለች።

ዓብዱልላጢፍ ዞሩ።

"ሠላሳ ስድስት ጊዜ አንስተዋታል። እዚህ ከእርስዎ በቀር ፊቷን የሚያውቅ የለም። እኔም አላውቃትም።"

መጡ። በበሩ በኩል ሲገቡ ጋሽ ረጋሳ ከመንገዳቸው ገለል አሉ፤ በሕይወታቸው ለዓብዱልላጢፍ መንገድ ሲለቁ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። ኸድራ ስልኩን ፊልሙ ላይ ይዛ የመጀመሪያዋን ሴት አሳየቻቸው። አይደለችም በማለት ራሳቸውን ነቀነቁ። ሁለተኛዋን አሳየቻቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ሦስተኛዋ ስትመጣ ትንሽ ጎንበስ አሉና ዓይናቸውን ጠበብ አደረጉ። ቆይተው፣ ያን ሰማያዊ የነካውን ጣታቸውን አነሱ፤ ግን የስልኩን መስታወት አልነኩም፤ ከመስታወቱ በአንድ ጥፍር ርቀት አቆሙት።

"ይሄ ነው" አሉ። "ብኸይታ ይሄ ነው። በሰርጉም እንዲህ ነው ያስቸገረኝ፤ አትሳቅ ስለው ይስቃል።"

ኸድራ ስልኩን አላወረደችም። ክንዷ እስኪዝል ያዘችው።

አንድ ነገር ብቻ ልናዘዝ። በሩ ላይ ስትጠራቸው "ዐሚ" አላለችም። "ይምጡ" ብቻ ነው ያለችው። ዐሚን እኔ ነኝ የጨመርኩት፤ ሰውዬው እስኪዞሩ ድረስ ጀርባቸውን ሳይ ጊዜው ረዘመብኝና አሳዘኑኝ።